አጋሮን በቤተ መዘክር ስፈልግ

የጥንት ዕቃ ወደ ተሰበሰበበት ቤተ መዘክር የሚገባ ሰው፥ ዓይኑ አስቀድሞ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ የገዛ አገሩን ነው። እኔም አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር በመጀመሪያ በገባሁ ቀን፥ ጓደኞቼ ወደ ሉሲ አጽም ሲጣደፉ፥ ከመስተዋት ወደ መስተዋት እየዞርሁ አጋሮን ፈለግሁ። ዓይኔ ግን ያረፈው በሌላ ነገር ላይ ሆነ፤ ይኸውም የሐውልቲ ዙፋን ነው።

ይህን ዙፋን ሄንሪ ደ ኮንተንሶን የተባለ ፈረንሳዊ የአርኬዎሎጂ ሊቅ በ1959 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) ከአክሱም አቅራቢያ ቈፍሮ ያወጣው ነው። ከእርሱም ጋር በወንበር የተቀመጠች ሴት ምስል ተገኝታለች። በዙፋኑ ጐን ሰዎች፥ በዳሩም ዋልያ የሚመስሉ እንስሳት በረድፍ ተቀርጸዋል። ሥራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሆን፥ ጠራቢው መሮውን ትናንት ያስቀመጠ ይመስላል። ከዙፋኑ ፊት ቆሜ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ቀላል ነበር። ሰሜኑ በድንጋይ ሠራ፥ እኛ በእንጨት ሠራን፤ እንጨት ይበሰብሳል፥ ድንጋይ ይቈያል፤ ስለዚህ የእነርሱ ይታያል፥ የእኛ አይታይም። ይህ መልስ ግማሹ ብቻ እውነት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

እውነት ከሆነው ግማሽ ልጀምር። አጋሮ የጎማ መንግሥት ከተማ ነበረች። ጎማም ከሊሙ እናርያ፥ ከጅማ፥ ከጉማና ከጌራ ጋር በጊቤ አካባቢ ከተነሡት ከአምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነው። ገዢዎቹ ዘራቸውን ከሞቃዲሾ መጣ ከሚባለው ከኑር ሑሴን ይቈጥሩ ነበር፤ ከአምስቱም አስቀድሞ እስልምናን የተቀበለው ጎማ ነው ይባላል። የንጉሡ ግቢ ማሰራ ይባል ነበር። ቤቱ ከእንጨትና ከሣር፥ አጥሩ ከእንጨት፥ መቀመጫውና ገበታው ከእንጨት፥ የመጠጡ ዕቃ ከቀንድና ከቅል ነው። ገንዘቡ አሞሌ ጨው ነበር፤ ጨው ደግሞ ሟሙቶ ያልቃል እንጂ እንደ አክሱም የወርቅ ገንዘብ መሬት ውስጥ ተቀብሮ አይጠብቅም። አገሩ ዝናም የሚበዛበት፥ አፈሩም አጥንትን ሳይቀር የሚበላ ቀይ አፈር ነው። በዚህ ላይ ምስጥ አለ። ጣሊያናዊው አንቶንዮ ቼኪ በ1870ዎቹ መጨረሻ ወደ እነዚህ ነገሥታት አገር መጥቶ በጌራ ታስሮ ነበር፤ ባልንጀራው ኪያሪኒም በ1879 እዚያው ሞተበት። ቼኪ ተፈትቶ አገሩ ከገባ በኋላ ያየውንና የሰማውን ጻፈ። ስለዚህ ዕቃችን ጠፍቶ ስለ ዕቃችን የተጻፈው ወረቀት በሮም ታትሞ ቈየ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ከአጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጅማ ቤተ መዘክር ነው። እዚያ ከሚታየው ብዙው የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃ ነው፤ ከእርሱም ብዙው እንጨት ነው! ጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ የታወቀች መሆንዋን አንባቢ ያውቃል። ከከተማው በላይ በጅሬን ኰረብታ ያለው ቤተ መንግሥት ራሱ፥ ምሰሶው፥ ሰገነቱ፥ ደረጃው፥ እንጨት ነው። ዝናሙ ያው የእኛ ዝናም ነው፤ ምስጡም ያው ምስጥ ነው። ታዲያ የጅማ እንጨት ቈይቶ የጎማ እንጨት ስለ ምን ጠፋ?

መልሱን በአየር ጠባይ ሳይሆን በመንግሥት ታሪክ ልንፈልገው ይገባል። አባ ጅፋር በ1878 ነገሡ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ኀይል ወደ ጊቤ በቀረበ ጊዜ፥ እናታቸው ጉሚቲ እንደ መከሩዋቸው ይነገራል፥ ሳይዋጉ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። በዚህም ጅማ እስከ 1932 ድረስ በገዛ ንጉሥዋ ስትተዳደር ኖረች። ያረጀውን ምሰሶ የሚያስለውጥ፥ የሚያፈሰውን ጣራ የሚያስከድን ባለቤት ለኀምሳ ዓመት ያህል አልታጣም። ጎማ ግን በ1886 በጦር ተያዘ፤ ንጉሥም መንግሥትም ቀረ። ባለቤት ያጣ የእንጨት ግቢ ከጥቂት ክረምት በላይ አይቆምም። ይህን የምለው አንዱን ለማመስገን ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለጎማ የቀረበለት ምርጫ ለጅማ ከቀረበላት ጋር አንድ ነበር ብዬም አልከራከርም። የምለው ይህ ነው፦ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ዕቃ የነበረውን ሁሉ አያሳይም፤ ጠባቂ ያገኘውን ያሳያል። ተመልካቹ ግን፥ እኔ እንደ ተሳሳትሁ ሁሉ፥ ያልታየው ያልነበረ ይመስለዋል።

ለእንጨት አገር ተስፋ የሚሆን ነገር ከወደ ከፋ መጥቶአል። ስቲቨን ብራንትና ኤልሳቤጥ ሂልደብራንድ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ2000ዎቹ ዓመታት ኩማሊ በተባለ ዋሻ ቈፍረው ነበር። ዋሻው ዝናም ስለማይገባው፥ በሜዳ ቢሆን በስብሶ የሚጠፋው የእህልና የተክል ቅሪት ደርቆ ተገኘ፤ ከ1700 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የቡና ፍሬም ከዚያው ወጣ። (እኛ አጋሮዎች ቡና የተገኘው በጮጬ ነው እንላለን፥ ከፋዎች ደግሞ በማንኪራ ነው ይላሉ። ይህ ፍሬ ክርክሩን አይፈርደውም፤ ለእነርሱ ግን አንድ ነጥብ መሆኑን ሳልወድ እመሰክራለሁ።) እንግዲህ በደቡብ ምዕራብ የሚቈፈር የለም የሚለው አሳብ አብቅቶለታል።

በሜዳውም ቢሆን ሁሉ ነገር ከእንጨት አልነበረም። የጊቤ መንግሥታት ድንበራቸውን በጕድባና በአጥር ያጥሩ፥ በመግቢያውም ኬላ ያቆሙ ነበር፤ ከድንበሩም ወዲያ ሞጋ የሚባል ሰው የማያርሰው ባዶ መሬት ይተዉ ነበር። ጕድባ አይበሰብስም፤ ይሞላል እንጂ። ባለፈው ዕረፍት አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ከዋንዛ ጥላ በታች ባለው ቡናቸው ውስጥ መርተው የጐደጐደ መሬት አሳዩኝ። «ልጄ፥ አባቶቻችን የኬላ ጕድባ ነው ይሉት ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ከብት ይሰወርበት ነበር፤ ኋላ ቡና ተከልንበት፥ ቅጠሉም ሞላው» አሉ። የኬላ ጕድባ ይሁን ወይም የከብት መንገድ፥ ሳይቈፈር የሚታወቅ አይደለም፤ የሽማግሌውን ቃል ብቻ ይዤ ነው ብል መምህራኖቼ አይቀበሉኝም፥ ደግሞም ልክ ናቸው። በገመድ ስለካው ወርዱ ስድስት እርምጃ፥ የዛሬው ጥልቀቱ እስከ ጉልበቴ ሆነ። ወደ ምዕራብ ሄዶ ወደ ሌላ ሰው ቡና ይገባል። የዚያን ባለቤት ፈቃድ ሽማግሌው ሊጠይቁልኝ ተስማምተናል፤ ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ተመልሼ የቀረውን እለካለሁ።