ጥጃ የሚያህለው ውሻ

ከአዳማ እንጀምር። ናዝሬት የምትሉም አላችሁ፤ አልከራከርም፣ አያቴም እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምትለው። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ውሻ ገዙ። ውሻ ስላችሁ ግን የምታውቁት ውሻ እንዳይመስላችሁ! ትከሻው ከምግብ ጠረጴዛ የሚስተካከል፣ ደረቱ የሰፋ፣ ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ ለሃጩ የማይደርቅ አመድማ የፈረንጅ ውሻ ነው። «ግሬት ዴን ይባላል» አሉን ጋሼ። «ሰው ይበላል» ብለውም ጨመሩበት፣ ፊታቸው በኩራት እያበራ። የሰፈሩ ልጆች በበሩ ስንጥቅ ለማየት ተራ ያዙ።

በዚያው ሰሞን ቡቺ ሞተ። ቡቺ የማንም ያልሆነ፣ ስለዚህም የሁላችንም የሆነ ቀይ የሐበሻ ውሻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገዳችንን ከሌባም ከጅብም ጠብቋል። አንድ ማለዳ ቱቦው ዳር አረፋ ደፍቆ አገኘነው። መርዝ በልቶ ነው፤ ማን እንዳበላው አላወቅንም። አንዱ በሥጋ እየተቀለበ ሌላው በሥጋ ውስጥ መርዝ ይሰጠዋል። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ሲለኝ ይህ «ግዙፍ ውሻ» የሚባለው ነገር ታሪኩ ምንድነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ስሙ። ግሬት ዴን ማለት «ታላቁ ዴንማርካዊ» ማለት ነው። ውሻው ግን ዴንማርካዊ አይደለም! በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን በሰጠው ስም ሳቢያ ነው እንግሊዝኛው እስከ ዛሬ እንዲህ የሚጠራው። ዝርያው የዳበረው ጀርመን ነው። የጀርመን መሳፍንት የዱር አሳማ ሲያድኑ አሳማውን ነክሶ የሚይዝ ጉልበተኛ ውሻ ይፈልጉ ነበር። ጆሮው ይቆረጥ የነበረውም አሳማው እንዳይዘነጥለው ነው። ከመካከላቸው የተመረጡት መኝታ ቤት እያደሩ ጌታቸውን ከነፍሰ ገዳይ ይጠብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 አርቢዎቹ በጀርመን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ በዓለም አቀፉ መስፈርት ወንዱ እስከ ትከሻው ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ 72 መሆን አለባት።

የዚህ ዝርያ ዝነኛ ባለቤት ደግሞ ማን መሰላችሁ? ቢስማርክ! የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቲራስ የሚባል ውሻ ነበረው፤ «የመንግሥቱ ውሻ» እስከመባል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1878 በበርሊኑ ጉባኤ ሰሞን ይኸው ውሻ በሩሲያው ጎርቻኮቭ ላይ ዘሎ እንደተከመረበት ይወራል። ከስድስት ዓመት በኋላ ቢስማርክ በዚያችው በርሊን ስለ አፍሪካ ቅርምት ሌላ ጉባኤ ጠራ። ግዙፍ ውሻ የኃያልነት ምልክት የሆነው እንዲህ ነው። ጋሼም ግቢያቸው ያሰሩት ውሻ ብቻ አይደለም፤ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። «ኢትዮጵያ ግዙፍ ውሻ ነበራት ወይ?» ካላችሁኝ፣ የጥንት ግሪኮች መልስ «እንዴታ!» ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አጋታርኪደስ፣ ከቀይ ባሕር ወደ መሃል አገር ስላሉ ሕዝቦች ሲተርክ «ኪናሞልጎይ» ስለሚባሉ ሰዎች ይነግረናል። ትርጉሙ «ውሻ አላቢዎች» ነው። ጽሑፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ዲዮዶሮስና ስትራቦን ቀድተው አቆዩልን። በእነሱ አነጋገር እነዚህ ሰዎች እጅግ ትላልቅ ውሾች ያረባሉ። ከበጋው አጋማሽ እስከ ክረምቱ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ መሆኑ ነው፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው «የሕንድ ከብቶች» አገራቸውን ያጥለቀልቁታል። ሰዎቹ ውሾቻቸውን ለቀው ያድኗቸዋል፤ የተረፈውን ሥጋ በጨው ያቆዩታል።

ደስ ብሎኝ «ይኸው ታሪካችን!» ልል ስል አንድ ቃል ያዘኝ። የሕንድ ከብት? እዚህ? ኋላ ሳገላብጥ ክቴሲያስ የሚባል ሌላ ግሪክ ከ200 ዓመት በፊት ይህንኑ ታሪክ ጽፎት አገኘሁ። ያው ስም፣ ያው የውሻ ወተት፣ ያው ወራት። አገሩ ግን ሕንድ! ለእኔ እንደሚመስለኝ ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ «ኢትዮጵያ» ገብቷል፤ ከብቶቹ ግን የድሮ ስማቸውን ይዘው መጥተው ተጋለጡ። ለነገሩ በዚያ ዘመን ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብጽ በታች ያለውን ሁሉ ነበር። ግዙፉ ውሻችን ወሬ እንጂ ውሻ አልነበረም ማለት ነው። በሩቅ ያለ ነገር ሁልጊዜ ግዙፍ ነው።

ከእነዚያ ወሬዎች አንዷን ግን ወድጃታለሁ። ሮማዊው ፕሊኒ በኢትዮጵያ ወገን ውሻ ያነገሡ ሕዝቦች አሉ ይላል፤ ትእዛዙን የሚያውቁት ከእንቅስቃሴው ነው። ተረት ነው። ግን ልብ በሉ፦ ውሻውን ቁጭ ብለው ያዩታል፤ ጠባዩን ያነብቡታል። እኛ ይህን እናደርጋለን?

ስለ ጠባይ ከተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ከ18,000 በላይ ውሾችን የዳሰሰ ጥናት ወጥቶ ነበር። በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሌላው አስተዳደጉ፣ ኑሮው፣ የራሱ ተፈጥሮ ነው። የድሮው አሳማ አዳኝ ግሬት ዴንም አርቢዎች ለትውልዶች ገር ገሩን እየመረጡ ዛሬ «ገራሙ ግዙፍ» ይባላል። ሰው ሲወድ ሙሉ ክብደቱን ይደገፍበታል። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ቁመቱ ወደ 112 ሴንቲ ሜትር የደረሰውና በዓለም ረጅሙ የተባለው የአሜሪካው ዚየስ 6 ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ2014 ሞቷል።

የጋሼ ውሻም ሰው አልበላም። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ወጣና ልጆች እየጮሁ ሲበታተኑ ቀጥ ብሎ ቡና ወደምትቆላው አያቴ ሄዶ ተደገፈባት። «በል ሂድ አንተ ጥጃ!» አለችው። ጋሼ ግን ተናደዱ። «ፈሪ ነው» ብለው በአጭር ሰንሰለት አሰሩት፤ እንዲከፋ መሆኑ ነው። ከፋም። አሁን ቀኑን ሙሉ በአዳማ ፀሐይ ሲጮህ ይውላል፤ ምግብ የምትሰጠውን ልጅ እንኳ ሊነክስ ይቃጣዋል። ይህ ጠባይ ከጀርመን አልመጣም። እኛ ሰፈር ነው የተሠራው።

የቡቺም ሞት እኛ ሰፈር ነው የተሠራው። የእብድ ውሻ በሽታ ያስፈራል፤ ልክ ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታውን የሚገታው ውሾችን መግደል ሳይሆን ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። የተከተበ የሰፈር ውሻ ሲሞት ያልተከተበ መጥቶ ቦታውን ይይዛል።

አያቴ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ትላለች። ቡቺ ከሄደ ወዲህ ጅቡ ማታ ማታ እስከ በራችን ይመጣል። ግዙፉ ውሻ ይሰማዋል፣ ይጮሃል። ሰንሰለቱ ግን አጭር ነው።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ ሰንሰለቱን ያርዝሙለት። ቸር እንሰንብት!