የአልፓካ ሱፍ ለምን ሻከረ?

ኤል ያራል በደቡብ ፔሩ፣ በሞኬጓ ሸለቆ የሚገኝ የጥንት መንደር ፍርስራሽ ነው። አጥኚዎች የቤቶቹን ወለል ሲቆፍሩ ከሥሩ ላማና አልፓካ የተባሉ የአንዲስ ተራሮች የቤት እንስሳት አገኙ። እንስሳቱ ከ900 እስከ 1,000 ዓመት በፊት በሁለቱ ጆሮዎቻቸው መካከል ተመትተው ለመሥዋዕት የቀረቡ ናቸው። የበረሃው ድርቀት ቆዳቸውንም ጸጉራቸውንም አቆይቶታል። ተመራማሪዋ ጄን ዊለርና ባልደረቦቻቸው ጸጉሩን ሲመረምሩ ከዛሬዎቹ አልፓካዎች ይልቅ ቀጭንና ወጥ ሆኖ አገኙት።

ያ ልስላሴ የእረኞች የእጅ ሥራ ነበር። የአንዲስ ሰዎች ቪኩኛ የተባለችውን የዱር እንስሳ አላምደው አልፓካን ካገኙ 6,000 ዓመት ያህል ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ጸጉሩ ያማረውን እየመረጡ ሲያራቡ ኖረዋል። ኢንካዎች ቁምፒ የሚሉትን ምርጥ ጨርቅ ለታማኝ ሹማምንት ይሸልሙት፣ ለአማልክትም በእሳት ያቀርቡት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1532 እስፓኞች ሲገቡ ይህ ሁሉ ተናጋ። ጦርነትና በሽታ እረኛውን ፈጀው። ከባሕር ማዶ የመጡት በጎች ግጦሹን ያዙት፤ አልፓካውም 4,000 ሜትር ከፍታ ወዳለው ውርጭ ተገፋ። የሚመርጠው ሲጠፋ ከላማ ጋር ተደባለቀ፤ ጸጉሩም ሻከረ። የሚገርመው፣ ሽመና እንጂ ሹራብ ለማያውቀው አንዲስ የሹራብ መርፌ ያመጡት እነዚያው እስፓኞች ናቸው። ዛሬ በቲቲካካ ሐይቅ በታኪሌ ደሴት ጆሮ የሚሸፍነውን ባለቀለም ቆብ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ሙያውን የሚጀምሩትም ገና በልጅነታቸው ነው።

አውሮፓ ለአልፓካ ፊት የሰጠችው ዘግይታ ነው። በእንግሊዝ የብራድፎርድ ከተማ ሱፍ ነጋዴ ቲተስ ሶልት በ1836 አካባቢ ሊቨርፑል መጋዘን ውስጥ ፈላጊ ያጣ የአልፓካ ጸጉር ገዛ። ከጥጥ ድር ጋር አሸምኖ የሚያብረቀርቅ የሴቶች ልብስ ጨርቅ አወጣበት፤ በ1853ም ሶልቴር በተባለው መንደር ግዙፍ ፋብሪካ ከፈተ።

ዛሬ የንግዱ ማዕከል የፔሩዋ አሬኪፓ ናት። እዚያ ሴት መራጮች ጸጉሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ይለያሉ፤ ቀጭኑ ለሹራብ፣ ሻካራው ለምንጣፍ ይሄዳል። አንድ አልፓካ በዓመት አንዴ ተሸልቶ የሚሰጠው ጥቂት ኪሎ ነው። እረኛው ግን ለረጅም ዘመን ሁሉንም አደባልቆ በሚዛን ሲሸጥ ኖሯል። ለስላሳውም ሻካራውም እኩል ከተከፈለበት፣ ጥሩውን መርጦ ለማራባት ለምን ይደክማል? መንጋው የቀድሞ ጥራቱን እንዲያገኝ ከተፈለገ ዋጋውም በጥራት መተመን አለበት።