ሩስኛ እና ኡዝቤክኛ

ሩስኛ (መስኮብኛ) እና ኡዝቤክኛ በኡዝቤኪስታን ጎን ለጎን የሚነገሩ፣ በዘር ግን የማይዛመዱ ቋንቋዎች ናቸው። ሩስኛ ከሕንዳዊ-አውሮፓዊ ቤተሰብ የስላቪክ ቋንቋ ሲሆን ኡዝቤክኛ የቱርኪክ ቋንቋ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም ኡይጉርኛ ነው።

የሩስኛ ስሞች ተባዕታይ፣ አንስታይ ወይም ገለልተኛ ፆታ አላቸው። በኡዝቤክኛ የሰዋስው ፆታ የለም፤ «ኡ» የሚለው ቃል «እሱ»ም «እሷ»ም ማለት ነው።

ኡዝቤክኛ ቅጥያዎችን በተራ ይደረድራል፦ «ኪቶብ» መጽሐፍ፣ «ኪቶብላር» መጻሕፍት፣ «ኪቶብላሪሚዝ» መጻሕፍታችን፣ «ኪቶብላሪሚዝዳ» በመጻሕፍታችን ውስጥ። ሩስኛ የመጨረሻውን በሦስት ቃላት «ቭ ናሺኽ ክኒጋኽ» ይለዋል። የኡዝቤክኛ ግሥ እንደ አማርኛ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይመጣል።

ጉርብትናው በቃላት ይታያል። ኡዝቤክኛ «ማሺና» (መኪና) የሚለውን ከሩስኛ፣ ሩስኛም «ዴንጊ» (ገንዘብ) የሚለውን ከቱርኪክ ቋንቋዎች ወስደዋል።

ኡዝቤክኛ በመጀመሪያ በዓረብ ፊደል፣ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በላቲን፣ ከ1940 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሩስኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል ተጽፏል። በ1989 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን እንዲመለስ በሕግ ተደነገገ። ሲሪሊክ ግን ስላልቀረ፣ በእርሱ የተማሩ ወላጆችና በላቲን የተማሩ ልጆች አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል ያነባሉ።