አዝማሪን ማን ይፈራል?

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ካልገባችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ ይዘፍናል፤ ከታዳሚው አንዱ ድንገት «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይለዋል፤ ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ያጅባል። ታዲያ ግጥሙ የማን ነው? የሰጪው? የዘፋኙ? ያጨበጨበው ሁሉ? ሰሙ ስለ ፍቅር ሆኖ ወርቁ ሹሙን ሲወጋማ ጥፋተኛውን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

ፋሺስቶች ግን አልተቸገሩም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የሆነውን ጭፍጨፋ ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። ብዙ የማይነገረው የቀጣዩ ወር ጉድ ነው። ግራዚያኒ መጋቢት ላይ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ታሪክ እየዘፈኑ የሚዞሩትን (አዝማሪዎቹን መሆኑ ነው)፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እያስለቀመ እንዳስገደለ፣ ቁጥራቸውም 70 እንደደረሰ ገለጸ። ክሱ በሕዝቡ መካከል አደገኛ ወሬ ያሰራጫሉ የሚል ነበር።

አስቡት እስቲ፤ ጋዜጣው በጠላት እጅ ነው፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ሰው ነው። ማሲንቆ ግን ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይዞራል። አንዴ የተባለን ስንኝ ደግሞ አብሮ የዘፈነው ሁሉ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህን በምን ወታደር ትይዙታላችሁ?

በነገራችን ላይ ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። ከዓመታት በኋላ በዚያው ሰፈር አዝማሪ ቤቶች ተከፍተው ሌሊቱን ሙሉ «ተቀበል!» ሲባል ያድር ጀመር።