ጠመንጃውን ማን ያጎርሰዋል?

ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ መንትዮቹን ከተሞች አቋርጦ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው አኖካ ይደርሳል። በ1922 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፌደራል ጥይት ፋብሪካ የሚገኘው በዚያ ነው። ከምርቶቹ አንዱ ማቀጣጠያው በቀለሁ ከንፈር ውስጥ የተቀመጠው አነስተኛው 22 ካሊበር ጥይት ነው። ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ይህን ጥይት አልጎርስ ሲል አዋቂ ሰው ጠመንጃውን ለመፍታት አይቸኩልም፤ አስቀድሞ ጥይቱንና ካዝናውን ይመረምራል። የላይኛው ጥይት ከንፈር ከታችኛው ኋላ ከዋለ መቀርቀሪያው ሲገፋው ይጠላለፋልና።

የኢትዮጵያ የጠመንጃ ታሪክም የሚመረመረው ከጥይቱ ተነሥቶ ነው። ስሙን ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የወረሰው ውጅግራ አንድ በአንድ በእጅ የሚጎርስ ነበር፤ ካዝና ስለሌለው በካዝና አይታነቅም። ነገር ግን ከራሱ ጥይት በቀር የሚጎርሰው አልነበረም። ስለዚህም ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ እስከመመንዘር ደረሰ። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ስትዘምትብን ሠራዊታችን የታጠቀው የብዙ አገር ጠመንጃ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ብሪታኒያና ፈረንሳይ የጣሉት የመሣሪያ ማዕቀብ ይህንኑ ረኃብ አባባሰው።

ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን በየጦርነቱ ይለመናል። የመሣሪያ ውል ሲፈረም ቀዳሚው ጥያቄ ብዛቱ ሳይሆን አጉራሹ ማን እንደሆነ ሊሆን ይገባል።