ቡና፣ ካህንና ባሪያ፦ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ያልተጻፈ ገጽ

በጣና ሐይቅ ስላሉት የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሥዕል ተነሥቶ በሥዕል ያበቃል። አያስወቅስም። ከእነርሱ አንዷ በሆነችው በኡራ ኪዳነ ምሕረት ቅድስት ገብቶ አራት ማዕዘኑን መቅደስ የዞረ ሰው ባዶ ግድግዳ አያይም። ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት በሩን ይጠብቃሉ፤ በላዔ ሰብእ ለለምጻሙ በእመቤታችን ስም ውኃ ያጠጣል፤ ያችም ጥርኝ ውኃ በሚዛን እርሱ ከበላቸው 78 ነፍሳት ትበልጣለች። የካቲት 16 ለሚያነግሠው ምእመን ከዚህ የሚበልጥ ስብከት ያለ አይመስለኝም።

በሬ የማይጠመድበት መንደር ይህን ሁሉ በምን ገንዘብ አሠራ?

አፈ ታሪኩ መልሱን ለአቡነ በትረ ማርያም ይሰጣል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት ጻድቅ በትራቸውን ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ ሕዝቡም ሳያርስ፣ ከብትም ሳያረባ እንዲኖር ቃል ተገባለት ይባላል። ማረስንና ከብት ማርባትን የከለከለው ግዝት ጫካውን አቆይቷል፤ ከባሕር ዳር በጀልባ የመጣ እንግዳ ከወደቡ እስከ ደጀ ሰላሙ በቡና ጥላ ሥር የሚሄደው በዚሁ ነው። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገብም እንዲህ ያለው ደን ከሀብቶቹ አንዱ ነበር።

ቡና ግን በቃል ኪዳን ብቻ አይለቀምም። ኮትኳች፣ ለቃሚ፣ አድራቂ ይፈልጋል። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1900 እስከ 1935 ባለው ጊዜ ቡና ያለሙ የነበሩት የዘጌ ካህናት ባሪያ አሳዳሪዎችና ነጋዴዎችም እንደነበሩ አሳይተዋል። ለንጽጽር ያህል፣ የእንግሊዟ መንደር ላቨንሃም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በሱፍ ሀብት እንደታነጸ ማንም አይደብቅም፤ የሱፍ ነጋዴዎቹ የስፕሪንግ ቤተሰብ አርማ ግንቡ ላይ ተቀርጿል። በእኛም አገር ሥዕሉን ያሣለው ሰው በሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ መታየቱ የቆየ ልማድ ነው። ቡናውን የለቀመው ሰው ግን በግርጌውም ቦታ የለውም።

የሥዕሉን ዋጋ ማሳነሴ አይደለም። የኪነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ቀለሙና ስለ ሠዓሊው ዘመን የሚከራከሩትን ያህል ስለ ቡናው ገቢ አለመጠየቃቸው ግን አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው አዋጅ ባርነትን ሲሽር ነጻ የወጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ። ዘውዱንና ብራናውን የሚያሳየው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የእነርሱን ቃል በድምፅ መዝግቦ ቢያኖር የቡናው ገቢ ጥናት ከዚያ ይጀምራል።