ነፋስና በረንዳ በሆሳዕና ምድር
ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው፣ በኋላም በበዓለ ሆሳዕና ስም የተሰየመችው ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋማ ምድር ላይ የተመሠረተች ስለሆነች፣ ነፋስ ለነዋሪዎቿ የዘወትር ጎረቤት ነው። የሐድያና የከምባታ አበው ክቡን የሣር ቤት ሲያቆሙ ዙሪያውን እንሰት ይተክሉ ነበር፤ ሰፊው ቅጠል ነፋሱን እንደ ግንብ ገትሮ ወደ ክዳኑ ሳያዘልለው፣ እየተሰነጠቀና እየተወዛወዘ ኃይሉን ስለሚያደክመው፣ ከደጃፉ የሚደርሰው ለስላሳ እስትንፋስ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ጥበብ እኔ ከብዙ ኪነ ሕንፃ አስበልጬ አደንቀዋለሁ።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ቆርቆሮና በረንዳ ወደ ሆሳዕናና ወደ ከምባታዋ ከተማ ወደ ዱራሜ ሲዘልቁ ግን፣ ባለማዕዘኑ ቤት ፊቱን ወደ መንገድ አዞረ፣ እንሰቱም በጓሮ ቀረ። በረንዳው ከሥሩ ክፍት በመሆኑ ነፋሱ ቆርቆሮውን ከታች ወደ ላይ እየገፋ፣ የሚስማሩንም ቀዳዳ ዕለት ዕለት እያሰፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያንኳኳል። ስለዚህ ልባም አናጢ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ማገሩን ያቀራርባል፣ ሚስማሩንም ያበዛል፤ የበረንዳውንም የሸንበቆ መከለያ፣ ላልቶ የተንጠለጠለ እርስ በርሱ እየተፋተገ ያልቃልና፣ ከዚያው ከእንሰት በተገኘ የቃጫ ገመድ አጥብቆ ያስረዋል።